ክብሪቱን የከለከለችው ነርስ

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ በጥቅምት ክፍል ውስጥ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። የትምህርት ቤቱ ነርስ ክብሪት እንዳይጫርላት ከልክላ፣ በጎኗ አስተኝታ ሰዓት እያየች ቁጭ አለች አሉኝ። ኋላ ትኩሳት እንደሌላት ጽፋ «ሆስፒታል ውሰዷት» አለች። ግንቦት ላይም ቤት እንዲሁ ሆና ነበር፤ ያኔ የጎረቤት ልጅ የሚወስደውን ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ለሳምንት ሰጥቻት ሲሻላት ተውኩት። ነርሷ ቸል ብላት ይሆን? (ወ/ሮ ት.፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቸል አላለቻትም። ያስጨነቀዎት ግን የነርሷ ነገር አይመስለኝም፤ «የሚጥል በሽታ ይሆን? ከትምህርቷ ልትቀር ነው?» የሚለው ነው። ያለ ትኩሳት ሁለት ጊዜ ከጣላት፣ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ተገቢውን ሕክምና ካገኙ 10 ሰዎች ግን እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው ይኖራሉ።

ወደ ክብሪቱ ልምጣ። ልጅ ሲንቀጠቀጥ በክብሪት ጭስ ያጥኑታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል፤ «ክብሪቱ አነቃው» ይባላል። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ በራሱ ጊዜ ያበቃል፣ ክብሪት ተጫረም አልተጫረም። ሲያበቃ ልጁ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ሥር የተያዘውን የድኝ ጭስ ስቦ ያስገባዋል፣ ደረቱ ይቆጣል። አፍንጫ ጫፍ ላይ የምትቀረው ትንሽ ጠባሳም የክብሪቷ እንጂ የበሽታው አይደለችም። ቁልፍ ማስጨበጥ ምንም አይፈይድም፤ አፍ ውስጥ የሚከተት ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል። ደግሞ ሁሉም ክብሪት ሲፈልግ ሰዓት የሚያይ ሰው ይጠፋል።

ነርሷ ሰዓት ያየችው 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ከደገማት፣ አምቡላንስ ስለሚጠራ ነው። በጎን ማስተኛቷ ምራቅና ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ቤት ውስጥም እንዲሁ ያድርጉ፦ ነጠላ አጣጥፈው ከራሷ ሥር ያኑሩ፣ የአንገት ቁልፏን ይፍቱ፣ እጅና እግሯን አይያዙ፣ በደንብ እስክትነቃ ውኃም አይስጧት። ትኩሳት ቢኖራት ኖሮ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ በጣና ዙሪያ፣ በዚያው ሰዓት ለወባ መመርመር ነበረባት።

ስለ ፌኖባርቢታሉ ግን ዝም አልልም። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ የጎረቤት ልጅ ክኒን ለእርስዎ ልጅ አልተሰላም። በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ራሱ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምትስ ምን ይጠበቅ ነበር? ጸበል መውሰድ ከፈለጉ ይውሰዷት፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ለጸበል ተብሎ አይቋረጥም።

በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይዘዋት ይሂዱ። የነርሷን ወረቀት አይርሱ፦ ከየትኛው እጅ እንደጀመራት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሽንት አምልጧት እንደሆነ። ሐኪሙ ሲጥላት አላየም፤ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚፈልገው ያንን ነው። እስከዚያው ጣና ውስጥ ብቻዋን አትዋኝ፣ ምድጃ አጠገብም ብቻዋን አትቀመጥ። ክፍሏ ግን ትግባ።