ልጁስ የት ነበር?

ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክና አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ከሰዓት በኋላ አለ፤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ መቅደላ እያስተማርኩ ነበር። እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ትምህርቱን ዘጋሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ እወደው ነበር፤ ጥሩ ያስተማርኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያን ጊዜ ልጁ የት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። «ነገ እንመለስበታለን» ብያት ወጣሁ። ነገ የተባለው ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ይህንን ደብዳቤም የምጽፍላችሁ በእርሷ ጥያቄ ምክንያት ነው።

የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። አባቱ በሞቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩ ወርቅ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ኋላ ወደ ባሕሩ ጉዞ ጀመረ። እናቱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ጉዞውን ቀጠለ። አማርኛ የሚያውቅና በአገራችን «ባሻ ፈለቀ» ይባል የነበረ ስፒዲ የተባለ ቁመተ ረጅም እንግሊዛዊ መኮንን ያዘው፤ ልጁም ከዚያ ሰው እጅ አልለቅም አለ። እንግሊዝ አገር እንደደረሱ በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ያነሳቻቸው ሥዕሎች ዛሬም አሉ። እባካችሁ አንዱን ፈልጋችሁ ፊቱን ደኅና አድርጋችሁ እዩት። ፈገግታ የለበትም። ወላጆቹን በአንድ ሰሞን የቀበረ ሕፃን ነው፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው። ነገር ግን የመንግሥት ሰዎች የልዑል ትምህርት ያስፈልገዋል ብለው ከስፒዲ ለዩት። ራግቢ የተባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አንዱም አልሆነለትም። የእናቱን ቋንቋ ረሳ። በመጨረሻ ሊድስ ከተማ አጠገብ ሄዲንግሊ፣ አስተማሪው ቤት ውስጥ ታመመ። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በባዕድ አገር የእኔ የሚለው አንድ ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መሞቱን በሐዘን ጽፋለች። ዊንድሶር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ቀበሩትና በስሙ ባቆመችለት የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል አንድ ቃል አስቀረጸች፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»።

ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። በእርግጥ ተቀብለውታል፤ አብልተውታል፣ አልብሰውታል፣ አስተምረውታል። ግን እንግዳ ያደረገው ማን ነው? ወገን ማለት እኮ ከደጅ ሲያገኝህ የሚያስገባህ ብቻ አይደለም። ስምህን ሲጠሩ በምን ዜማ እንደምትሰማው የሚያውቅ፣ ስትታመም የእናትህን ስም ጠርቶ የሚያጽናናህ ነው። ዓለማየሁ ምንም ያልጎደለበት፣ ወገን ብቻ የጎደለበት ልጅ ነበር።

የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙን ጠይቋል፤ በ2015 ዓ.ም. ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰማው መልስ የሌሎችን ዕረፍት ሳናውክ ልናወጣው አንችልም የሚል ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የስፒዲ ቤተሰብ ዘሮች ጠብቀው ያቆዩት የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያውያን ተመለሰ። ከአንድ ልጅ የተመለሰልን አንድ ዘለላ ፀጉር ነው።

እንግዲህ የቴዎድሮስን ክብር ለመቀነስ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ስማቸውን ስጠራ ሰውነቴ ይነዝረኛል። ያስተማርኩበት መንገድ ግን ጎዶሎ ነበር። የሽጉጡን ድምፅ አሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲከፍል የኖረውን ልጅ ዝም አልኩት። እናንተም መሥዋዕትነት የሚል ቃል ስትሰሙ፣ በተለይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሚናገር ሰው አፍ ስትሰሙ፣ ያቺ ተማሪ እንዳደረገችው እጃችሁን አውጡ። የሚከፍለው ማን ነው? ተጠይቋል ወይ?

ሥነ ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ጠይቆታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ታሪክ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔም ለብዙ ዓመት ሰብለ ወንጌልና በዛብህን ብቻ ነበር የማየው። መጽሐፉን አሁን በሽምግልናዬ ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው፦ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት። ቦጋለና ውድነሽ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጃቸውን ከሞት ለማዳን ያላቸውን ሁሉ ሰጡ፤ የሰጡት ግን የልጁን ሕይወት ነው። ሚስት ላያገባ፣ ጎጆ ላይቀልስ፣ ልጅ ላይወልድ ሌላ ሰው ተሳለለት። በዛብህ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ ስለቱ ይከተለዋል። ከሰብለ ወንጌል አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ይልቅ ይህ የወላጆቹ ቃል ከባድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ኩራትን ትሸሸዋለህ፣ የእናትህን ስለት ግን ወዴት ትሸሸዋለህ?

በተቃራኒው አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። ሰላሌ ፍቼ የተወለዱት እኒህ ጳጳስ በ1928 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ሳለ ተያዙ። የተጠየቁት ጥቂት ቃል ነበር፦ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ። በዚያ ወቅት ለጣሊያን ያደሩ አባቶችም ነበሩ፤ እርሳቸውም ያንን ቃል ቢናገሩ ይድኑ ነበር። አልተናገሩም። ለጠላት የሚገዛውን አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

ልብ በሉልኝ፤ የሰጡት የራሳቸውን ነው። የሌላ ሰው ልጅ ይዘው ወደ ሞት አልሄዱም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ባለው ተውኔቱ ያሳየን ሞትን የናቀ ሐውልት ሳይሆን ወደ እመ ብርሃን የሚማጸን፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚጨነቅ ሰው ነው። ጀግና አይፈራም ብለው የሚያስተምሯችሁን አትስሟቸው። እየፈራ፣ መኖርን እየወደደ፣ በገዛ አንደበቱ «እምቢ» ያለ ሰው ነው የእኛ ጴጥሮስ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ሥራ ሲነሳና በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ አዛውንት እንባ አወጡ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

አሁን ከታሪክ ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ሌላውን ሁሉ ለመምከር አፍ የለኝም።

አባታችን ሲሞቱ እኔና ታላቅ እህቴ ተማሪዎች ነበርን። ለሁለታችን የሚበቃ አልነበረም። እርሷ ቀረች፤ እኔ ቀጠልኩ። እትዬ ጠላ እየጠመቀች አስተማረችኝ። ደብተሬን ስታቀብለኝ እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር፤ ያንን ሽታ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ በወረቀቶቼ መካከል ይዤው የሄድኩ ይመስለኛል። በየበዓሉ፣ በየምርቃቱ «እህቴ ለእኔ መሥዋዕት ሆና» እያልኩ ስናገር ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። እርሷ ራስዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቤቷ ሲታደስ ሳጥኗን አነሳሁላት። ከነጠላዎቹ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷ ተቀምጧል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ቁጥሩ ግን በደንብ ይነበባል። ከእኔ ትበልጣለች። በብዙ ትበልጣለች።

ወረቀቱን ይዤ ምድጃው አጠገብ ሄድኩ። ቡና እየቆላች ነበር። «እትዬ፣ ያኔ ትምህርት ስታቆሚ አንቺን የጠየቀሽ ሰው ነበር?» አልኳት።

መቁያውን ከእሳቱ አወረደች። ወረቀቱን ተቀብላኝ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ማን ይጠይቀኛል? አንተ እንኳ ዛሬ ነው የጠየቅኸኝ» አለችኝ። ከዚያ እንድቀመጥ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ስለ ሒሳብ አስተማሪዋም ታጫውተኝ ጀመር።