ግሩፑ ሞልቷል፣ መላሽ ግን የለም

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቄ ደላንታ ተመደብኩ። በትምህርት ቤታችን 7ኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ። ከሙያ አጋሮች ጋር ልገናኝ ብዬ ሦስት የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። ወሬው ሁሉ ደመወዝና ዝውውር ነው፤ ስጠይቅም የሚመልስልኝ የለም። ምን ይሻለኛል? (መምህርት፣ ከወገል ጤና አካባቢ)

መልስ፦ አይዞዎት፣ ችግሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ማስታወቂያ ለመስማት ይጠቅማል እንጂ ለሙያ ጥያቄ አይመችም፤ ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋል። አንዱን ብቻ ያስቀሩና ድምፁን ያጥፉት። ጥያቄዎን የኮሌጅ ባቻችሁ ግሩፕና የጉድኝት ማዕከሉ (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚሠሩበት) መምህራን ግሩፕ ውስጥ ያቅርቡ። የጉድኝቱ ከሌለ ሱፐርቫይዘሩን ይጠይቁ፤ የሒሳብ መምህራኑን ስልክ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ያውቃሉ።

ቀጥሎ የአጠያየቅ ጉዳይ አለ። «ተማሪዎቼ ሒሳብ አይገባቸውም፣ ምን ላድርግ?» ቢሉ ከየት ተጀምሮ ይመለሳል? እንዲህ ይጻፉት፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህራን። 7ኛ ክፍል፣ ኔጋቲቭ ቁጥር መቀነስ። 5 − (−3) ስሰጣቸው አብዛኞቹ 2 ይላሉ። በቁጥር መስመር ባሳያቸውም አቅጣጫው ተምታታባቸው። 62 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ። እናንተ በምን ታስጀምራላችሁ?» ክፍሉ፣ ርዕሱ፣ የተሳሳቱት መልስና የሞከሩት ዘዴ ስለተጻፈ፣ ያስተማረ ሰው ከመንገድ ላይም ሆኖ በሁለት መስመር ይመልስልዎታል። ጠዋት የተላከ በቀኑ ወሬ ስለሚዋጥ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይላኩት።

አንዱ «በለስላሳ ቆርኪ ሞክሪው» ብሎ መለሰ እንበል። ፊቱ ፖዘቲቭ፣ ጀርባው ኔጋቲቭ ነው። አምስት ቆርኪ በፊቱ ይደረደራል። የሚነሳ ኔጋቲቭ ስለሌለ አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው የሆኑ ሦስት ጥንዶች ይጨመራሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ዜሮ ስለሆነ ድምሩ አይለወጥም። ከዚያ ሦስቱ ኔጋቲቮች ሲነሱ ስምንት ፖዘቲቭ ይቀራል፤ 5 − (−3) = 8 ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ከሞከሩት በኋላ ተመልሰው ውጤቱን ይጻፉ፦ የቱ ሠራ፣ የት ላይ ተማሪዎቹ ግራ ተጋቡ፣ ቆርኪው ለስንት ቡድን በቃ። አብዛኛው ጀማሪ መምህር «አመሰግናለሁ» ብሎ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ትውውቁም እዚያው ይቀራል። ምክሩ ምን እንዳፈራ የሰማ ሰው ግን ሁለተኛ ሲጠይቁት ስምዎን ያስታውሳል።

ለአንድ መምህር በግል መስመር ሲጽፉ ማን እንደሆኑና ከየት እንዳገኙት አስቀድመው ይንገሩ፤ የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። አዲስ ግሩፕ ከመግባትዎ በፊት በቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖቦዲ» ያድርጉት። ከሙያ ውጭ የሚጽፍልዎትን ሳይመልሱ ብሎክ ያድርጉ፣ ይሉኝታ አይያዝዎት። ወደ ስልክዎ የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ደግሞ ለአስተዳዳሪ ነኝ ባይም አይስጡ።

ይህ ሁሉ አማካሪ መምህርዎን አይተካም። ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት የትውውቅ ጊዜ የተሰጠው ልምድ ያለው ሰው ክፍል ገብቶ እንዲያየው ነው፤ አማካሪዎ ሒሳብ ባያስተምሩም ከኋላ ያሉት ተማሪዎች መቼ እንደተዘናጉ ያያሉ። ከግሩፑ ያገኙትንም ቀኑን፣ ጥያቄውንና የክፍሉን ውጤት ጽፈው ፖርትፎሊዮዎ (የሙያ ሥራዎ ማህደር) ውስጥ ያስቀምጡ። በዓመት ከሚጠበቀው 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ፎቶ አንስቼ ብልክ ችግር አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስሙንና የተራ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍነው ያንሱ። በስልኩ ብዕር ደርበው መቀባት አያስተማምንም፤ አንዳንዱ ቀለም ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ሲጨመር ጽሑፉ ይታያል። የልጆች ፊት ፈጽሞ አይለጠፍ። መልእክቱን ከግሩፑ ቢያጠፉትም ሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገው ይቀራል።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የሚካሄዱት የመምህራን ውይይቶች ለእኛ ይጠቅማሉ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ይጠቅማሉ፣ በተለይ አካሄዳቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) ላይ የተጀመረው ኤድቻት የተባለው የመምህራን ውይይት አንድ ርዕስ ይዞ ለአንድ ሰዓት ሲካሄድ የቆየ ነው። በእንዲህ ያለው ውይይት ጥያቄዎቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ መላሹም ያንኑ ቁጥር ይጽፋል፤ ስለዚህ በኋላ የሚያነብ ሰው አይጠፋበትም። የአሜሪካ ምሽት ለእኛ ሌሊት ስለሆነ ነግቶ ማንበብ ይበቃል። ይህንኑ በአማርኛ ከአምስት ስድስት የጉድኝቱ መምህራን ጋር በሳምንት አንድ ምሽት ይሞክሩት። ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፤ ጥ1፣ ጥ2፣ ጥ3 ብለው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስቀድመው ይልቀቁ፤ መልሱ መ1፣ መ2 እየተባለ ይጻፍ። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰው መልሱን ቀድሞ ጽፎ ይቆይና መስመር ሲያገኝ ይላክ። በማግስቱ አንድ ሰው ተራ ገብቶ የተስማሙበትን በአሥር መስመር ይጻፍና ግሩፑ አናት ላይ ፒን ያድርገው።