ውጭ አገር ደህና የአገሬው ምግብ ቤት ለማግኘት

ሆቴሉ የሚጠቁምህ ሁሉ ቱሪስት የሞላበት ከሆነብህ፣ ፍለጋህን በአገሬው ቋንቋ አድርገው። «ምርጥ ምግብ ቤት» የሚለውን አስተርጉመህ ጉግል ማፕ ላይ ጻፍ። ኮከቡን ተወውና አስተያየቶቹን እይ፤ አብዛኞቹ በአገሬው ቋንቋ ከተጻፉ ቤቱ የአገሬው ሰው የሚበላበት ነው።

ከተማው በሚሽሊን መመሪያ (ምግብ ቤቶችን እየመረጠ ለምርጦቹ ኮከብ በሚሰጠው) ውስጥ ካለ ድረ ገጹን በነፃ ታየዋለህ። ባለኮከቦቹን ብቻ አትፈልግ፤ ያለ ኮከብ የተመረጡትም አሪፍ ናቸው። «ቢብ ጉርማንድ» የሚለው የመመሪያው ምልክት ግን በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ለሚያበሉ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሽክ ያለ ቤት ከፈለግክ ላይሆንህ ይችላል።

ጠረጴዛ ስትይዝ የስረዛ ደንቡን አንብብ። እኔ አንዴ በረራ ዘግይቶብኝ ቀረሁ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ያልበላሁት እራት ሂሳብ ከካርዴ ተቆርጧል!