ባትሪ ሊሾ ላይ ቢቀመጥ ይሞታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። የመኪናዬ ሞተር ወርዷል፤ ዕቃው እስኪገኝ ሦስት ወር ይፈጃል ተባልኩ። ባትሪውን አስፈትቼ መኝታ ቤት ሊሾ ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ ግን «ሲሚንቶ ኃይሉን ይመጠዋል፣ ጣውላ ላይ አድርጊው» አሉኝ። እውነት ነው? ባለ 60 አምፔር፣ ውሃ የሚጨመርበት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎ ያሉት ድሮ እውነት ነበር። የጥንቱ ባትሪ ቀፎ እንጨትና ጎማ ስለነበር እርጥበት ሲያገኘው ኃይል ያፈስ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፤ ሊሾ ምንም አያደርገውም። እንዲያውም የሚጎዳው ሊሾው ነው፣ አሲድ ከነካው ይበላል።

እኔን ያሳሰበኝ መኝታ ቤቱ ነው። ዛሬውኑ ያውጡት። አሲድ ጋቢ ላይ ጠብ ቢል ወዲያው አይታይም፤ ሲታጠብ ነው ተበሳስቶ የሚወጣው። የልጅ ዓይንማ አያድርስ! ልጅ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ አየር የሚገባው ዕቃ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የሱሉልታ ብርድ አያስጨንቅዎት። ባትሪ ተቀምጦ ቶሎ የሚደክመው ሙቀት ላይ ነው።

ባትሪን የሚገድለው ሳይሞላ መቀመጡ ነው። እኔ በኪሳራ ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት የራሴን ባትሪ ሰኔ ላይ ፈትቼ፣ ሳልሞላው ጋራዡ ጥግ ተውኩት። መስከረም ላይ ስለካው 11.3 ቮልት። ክዳኖቹን ስከፍት ፕሌቶቹ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት የእርሳስ ብረት ዝርጎች፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ሁለት ቀን ቻርጀር ላይ ዋለ፣ አደረ። መብራት ያበራል፤ ሞተር ግን አላስነሳ አለ። ያ ነጭ ነገር ሰልፌት ነው። እርሳሱ ላይ አንዴ ከጠነከረ አይለቅም።

ስለዚህ አሁኑኑ ሙሉ ቻርጅ ያስደርጉት። ለ60 አምፔር ባትሪ 6 አምፔር ወይም ከዚያ በታች ይበቃል። «በአንድ ሰዓት እሞላልሻለሁ» ለሚል ሰው አይስጡት። አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ከዚያ በየወሩ ያስለኩት፣ ወደ 12.4 ከወረደ መልሰው ያስሞሉት። ቴስተር ባይኖርዎትም የሰፈር ኤሌክትሪሺያን በደቂቃ ይለካልዎታል። ውሃው ፕሌቶቹን ካልሸፈነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ያስጨምሩ፤ አሲድ በጭራሽ።

ቤት ቻርጅ የሚያደርጉ ከሆነ ቡና ከሚፈላበት ያርቁት። ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፤ ከከሰል የምትዘል አንዲት ፍንጣሪ ታፈነዳዋለች። ሞተሩ ተሠርቶ ባትሪው ሲመለስ ፖዘቲቩ ቀድሞ ይታሰር፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ።