«ብቻ በላሁ»፦ ስለ «ጀስት» የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ «ምሳ በላሽ?» ስትባል «ብቻ በላሁ» ብላ መለሰች። እናቴ «እንጀራ ብቻ? ወጥ የለም እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ልጄ በእንግሊዝኛ «ጀስት» የሚባለውን ነው ወደ አማርኛ ያመጣችው። መዝገበ ቃላቱም «ብቻ» ይላል። ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? የ«ጀስት» ትክክለኛ አማርኛስ የትኛው ነው?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ግን ከብዙው አንዱን ብቻ ነው የነገራችሁ። ልጅዎ ያሰበችው ጊዜን ነው፤ «አሁን ገና በላሁ» ለማለት ነው። «ብቻ» ደግሞ መጠንን ነው የሚወስነው። በዚያ ላይ «ብቻ» የሚመጣው ከሚወስነው ቃል በኋላ ነው። «ሽሮ ብቻ በላሁ» ካልኩ ሌላ አልነካሁም ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ግን ሌላ ሥራ ይይዛል። «ብቻ ሰላም ይሁን» እንላለን። ረጅም ወሬ ስንቋጭም «ብቻ ምን አለፋሽ» እንላለን። ስለዚህ አያት «ብቻ» የሚለውን ሲሰሙ «ምኑን ብቻ?» ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነው።

እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ትርጉም እንዴት በአንድ ቃል ተሸከመ? «ጀስት» ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ቃል ነው። ሥሩ ሕግና ፍትሕ ነው፤ ዛሬም ቅጽል ሲሆን «ፍትሐዊ» ማለት ነው። ከ«ትክክል» ተነሥቶ «በትክክል» ሆነ። «በትክክል አሁን» የነበረው ቀስ እያለ «ከጥቂት ደቂቃ በፊት» ሆነ። «በትክክል ይህን ያህል፣ ከዚህ የማይበልጥ» የነበረው ደግሞ «ብቻ» የሚለውን ትርጉም ወለደ።

እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ የእኛ «ልክ» ነው። «ልክ» መጀመሪያ መለኪያ ነው፤ የጫማ ልክ እንላለን። ቀጥሎ «ልክ ነህ» ሲባል ትክክል ማለት ሆነ። ከዚያ «ልክ እንደ አባቱ»፣ «ልክ ልወጣ ስል ዝናቡ ጀመረ» መጣ። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ተጉዘዋል! ልዩነቱ «ልክ» እዚህ ላይ መቆሙ ነው። የቀረውን መንገድ አማርኛ ለሌሎች ቃላት አከፋፍሎታል።

ለምሳሌ «ገና ልጅ ነው» የሚለውን ይዩ። እንግሊዝኛው እዚህም «ጀስት» ይላል። «ልጅ ብቻ ነው» ብንል ግን ማንም አይሰማንም። «ለምን ደወልክ?» ለሚል «እንዲሁ ነው» ወይም «ዝም ብዬ ነው» ይበቃል። አውቶቡስ በትንሹ ሲያመልጠን «ለጥቂት አመለጠኝ» እንላለን። ሐኪሙ «ጀስት ጉንፋን ነው» ሲል «ተራ ጉንፋን ነው» ብለው ቢያስተረጉሙ ታማሚው ይረጋጋል።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ ጨርሶ ይጠፋል። ባንክ ቤት ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ «ጀስት እዚህ ፈርሙ» የምትለው ነገሩን ለማለዘብ ነው። በአማርኛ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ስንል ያን ልስላሴ «ልኝ» ተሸክሞታል። ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም። «ጀስት አንድ ደቂቃ» ለሚለውም «አንዴ» ከበቂ በላይ ነው።

ጊዜው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እኛም እናምታታለን። «አሁን መጣሁ» ያለ ሰው ወይ ደርሷል፣ ወይ ገና ከቤቱ አልተነሣም። የሚለየው አነጋገሩና ሁኔታው ነው። እንግሊዝኛም ከዚህ አያመልጥም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ጀስት ናው» ሲሉ «ቆይቼ፣ በኋላ» ማለታቸው ነው። ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈቱ ልጆቻችን ይህን ያውቁታል፤ «ጀስት ናው እከፍላለሁ» ያለን ደንበኛ ቆመው አይጠብቁም።

አማርኛ ለዚህ ብዥታ መፍትሔ አለው። ነገሩ ከመቅጽበት በፊት ያለቀ መሆኑን ለመናገር «መምጣቴ ነው»፣ «መግባቴ ነው» እንላለን። ውጭ የሚያድጉ ልጆች ይህን አባባል ብዙ ጊዜ አይሰሙትም፤ ቤት ውስጥ ደጋግመው ቢሉላት ደስ ይለኛል። ከሥራ ሲገቡ «አሁን መግባቴ ነው» ይበሏት። እሷም በሚቀጥለው ስልክ አያቷ «ምሳ በላሽ?» ሲሏት «አዎ እማማ፣ አሁን በልቼ መነሣቴ ነው» ትላቸዋለች።