ለሰኞ ያሳደርኩት ገመድ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ መሐንዲስ «ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ግድብ እንዴት ሰው ይገድላል?» ብላ ጠየቀችኝ። በሁለት ደቂቃ መለስኩላት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ውኃው ወደ ግድብ በሚመጣበት በኩል፣ ጀልባዎች እንዳይቀርቡ የሚያስጠነቅቁ ተንሳፋፊ ምልክቶች በገመድ ተያይዘው ይዘረጋሉ። በወጣትነቴ፣ በምሠራበት ግድብ አንድ ዓርብ ማምሻውን፣ ደራሽ ውኃ ያመጣው ግንድ ገመዱን በጥሶት ምልክቶቹ ዳር ላይ ተከማችተው አየሁ። የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ነበር፤ «ሰኞ አመለክታለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ዓሣ አጥማጆች መጡ። ዝቅተኛ ግድብ ከላይ ለሚመጣ ሰው አይታይም፤ ውኃው ለጥ ብሎ የሚቀጥል ይመስላል። ጀልባዋ ስትገለበጥ በመስኮት አየሁ። ከግድብ ሥር የሚወድቀው ውኃ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ የያዘውን ያሰምጣል፣ ያወጣል፣ እንደገና ወደ ግድቡ ይጎትታል። አየር የበዛበት አረፋ ሰው አያንሳፍፍምና ዋና ማወቅም አይበጅም። አንዱን በወረወርነው ገመድ ሳብነው። ሁለተኛው የተገኘው ከሰዓት በኋላ ነው።

መርማሪዎቹ ምክንያቱን ደራሽ ውኃው አደረጉት። ዓርብ ያየሁትን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ግድብ ጎርፍ የሚያስቀር ይመስለዋል። አያስቀርም። በአሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝ የላይኛው ክፍል ያሉት 29 የመርከብ ማሳለፊያዎችና ግድቦች ሥራ ውኃውን አቁሮ ለመርከብ 9 ጫማ ጥልቀት መጠበቅ ነው። ማሳለፊያው ባለሁለት በር የውኃ ክፍል ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ገብቶ መርከቡን ያነሳል። ይህን ሳየው ዛሬም ልቤ ይሞላል።

ያሠለጠኑኝ አዛውንት የግድቡ በር ሲንቀሳቀስ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያው ፎልሰም ግድብ አንድ የውኃ መልቀቂያ በር ሲከፈት ተሰበረ፤ በሩ የሚዞርበት ማጠፊያ ዝጎ ሰበቃው በመጨመሩ ነበር። ዜናውን ስሰማ መዳፋቸው ትዝ አለኝ። የዛሬ ወጣቶች ከብረቱ ይልቅ የኮምፒውተሩን መስኮት ታምናላችሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። ያም ሆኖ ያን ዓርብ አንድ ካሜራ ገመዱ ላይ ቢኖር ኖሮ እንደ እኔ ሰኞን አይጠብቅም ነበር።

ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ስለ ውኃው መሽከርከር ብቻ ነገርኳት። ስለ ገመዱ የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው።