ዋናው ጨረር ልክ ሆኖ ጎኑ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የፓች አንቴና ከ9.5 እስከ 10.5 ጊጋኸርዝ በኒር-ፊልድ ስካነር (አንቴናውን ከቅርብ በሚለካ መሣሪያ) እየለካሁ ነው። ፕሮቡ (ሞገዱን የሚያነበው ትንሽ አንቴና) ከአንቴናው ፊት በ12 ሳንቲሜትር ርቀት፣ 70 በ70 ሳንቲሜትር ስፋት ላይ፣ በየ15 ሚሊሜትሩ ያነባል። ዋናው ጨረር ከሲሙሌሽኑ ጋር ይገጥማል፤ ከ25 ዲግሪ ወዲያ ግን ሳይድ ሎቦቹ (ከዋናው ጨረር ጎን የሚወጡት ትንንሽ ጨረሮች) ይዋዥቃሉ። የጠዋቱና የከሰዓቱ ውጤትም አይመሳሰልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቅርቡን ልኬት ወደ ሩቅ ጨረር የሚቀይረውን ሶፍትዌር ለጊዜው ይተዉት፤ ችግሩ ከእሱ አይመስልም። በኒር-ፊልድ መለካትዎም ትክክል ነው። የአንቴናው ሰያፍ 85 ሳንቲሜትር ስለሆነ በ10 ጊጋኸርዝ ፋር-ፊልዱ (የጨረሩ ቅርጽ ከርቀት ጋር መለወጡን የሚያቆምበት ሩቅ ክልል) የሚጀምረው 48 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ያን የሚያህል ክፍል ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ትልቁ ጥፋት የስካኑ ጠባብነት ነው። ፕሮቡ ከአንቴናው ጠርዝ የሚያልፈው በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። 5ን ለ12 ሲያካፍሉ የሚያገኙት 0.42 የ23 ዲግሪ ታንጀንት ነው። ከዚያ ማዕዘን ውጭ የሚወጣው ኃይል ፕሮቡ ጋር ሳይደርስ ያመልጣል፤ ስለዚህ መዋዥቁ 25 ዲግሪ አካባቢ መጀመሩ የሚጠበቅ ነው። እስከ 60 ዲግሪ የሚታመን ውጤት ከፈለጉ 12ን በ1.73 ያባዙ፦ በየጎኑ 21 ሳንቲሜትር፣ በድምሩ 102 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። ስካነርዎ ያን ያህል ካልሄደ ርቀቱን ወደ 9 ሳንቲሜትር ዝቅ ያድርጉ፤ ይህም ከሦስት የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል ነው። ከዚያ በታች ፕሮቡና አንቴናው አንዱ የሌላውን ሞገድ ይረብሻል። በ70 ሳንቲሜትር ስካን ግን ያኔም የሚታመነው እስከ 29 ዲግሪ ብቻ ነው። አንዳንዶች ጠርዙን በዊንዶው ፈንክሽን (የጠርዙን ንባብ ቀስ በቀስ በሚያሳንስ ስሌት) አለስልሰው መስመሩን ያሳምሩታል፤ መስመሩ ያምራል እንጂ ያመለጠው ኃይል አይመለስም።

በንባቦቹ መካከል ያለውን እርምጃም ያጥብቡት፤ ከሞገድ ርዝመት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ልኩ የሚወሰነው በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ በ10.5 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ግማሽ 14.3 ሚሊሜትር ስለሆነ 15 ከገደቡ አልፏል። 12 ሚሊሜትር ይጠቀሙ። በ102 ሳንቲሜትር ላይ 86 በ86፣ ማለትም 7,396 ነጥብ ይሆናል፤ ፕሮቡን 90 ዲግሪ አዙረው ለሁለተኛው ፖላራይዜሽን (የሞገዱ የመወዛወዝ አቅጣጫ) ደግሞ ሌላ ያን ያህል።

የጠዋትና የከሰዓቱ ልዩነት ሲኖር በመጀመሪያ ኬብሉን ይጠርጥሩ። አብዛኛው የማይክሮዌቭ ኬብል ውስጡ ቴፍሎን ነው፤ ቴፍሎን ደግሞ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ስለሚለወጥ የኬብሉ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ፣ በዲግሪ) በዚያ ጠባብ ክልል በድንገት ይንሸራተታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ይህችን መስመር በየቀኑ ሊሻገር ይችላል። ክፍሉን 23 ዲግሪ ላይ ያቆዩት፤ ኔትወርክ አናላይዘሩንም (ሲግናሉን የሚልከውንና የሚለካውን መሣሪያ) ቀደም ብለው አብርተው በደንብ ያሙቁት። ከዚያ ፕሮቡን ፈትተው በኬብሉ ጫፍ ሾርት (ሲግናሉን መልሶ የሚያንጸባርቅ መዝጊያ) ይግጠሙና ስካነሩን ከዳር እስከ ዳር እየነዱ የሚመለሰውን ፌዝ ይመልከቱ። ሲግናሉ ሄዶ ስለሚመለስ ያዩትን ለሁለት ያካፍሉ። ከጥቂት ዲግሪ ካለፈ ኬብሉ አንድ ቦታ ላይ በኃይል እየታጠፈ ነው፤ መታጠፊያውን ሰፊ አድርገው እንደገና ይሰሩት። በስካኑ መሃልም በየአስሩ መስመር ወደ መካከለኛው ነጥብ ተመልሰው ፌዙን ይመዝግቡ፤ መንሸራተቱን በኋላ ከዳታው መቀነስ ይቻላል።

የስካነሩን ሐዲድም ይፈትሹ። ፕሮቡ ወደ አንቴናው 0.3 ሚሊሜትር ከቀረበ ወይም ከራቀ የ3.6 ዲግሪ የፌዝ ስህተት ይገባል፤ ዋናው ጨረር ባይሰማውም ዝቅተኛዎቹን ሳይድ ሎቦች ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ትንሽ መዋዥቅ ከቀረ በፕሮቡና በአንቴናው መካከል የሚመላለስ ነጸብራቅ አለ ማለት ነው። የፕሮቡን ዙሪያ ሞገድ በሚመጥ ፎም ይሸፍኑ። ከዚያ ፕሮቡን 7.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስበው ስካኑን ይድገሙት። ይህ የሞገዱ ሩብ ነው፤ ነጸብራቁ ደርሶ መልስ ግማሽ ሞገድ ስለሚጨምር ምልክቱ ይገለበጣል። ሁለቱን ውጤቶች፣ አዲሱን ርቀት ለሶፍትዌሩ አስገብተው፣ ወደ ፋር-ፊልድ ከቀየሩ በኋላ ፌዛቸውን እንደያዙ አማካያቸውን ይውሰዱ። ዲቢውን (ፌዝ የሌለበትን የጥንካሬ መጠን) ብቻ ካማከሉ ነጸብራቁ አይጠፋም።